ከበረዶ ሰባሪው መርከብ እስከ ካልጋሪ መጋዘን፦ ናሙናን በወቅቱ ስለ መመዝገብ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በዋልታ ባሕሮች ለምርምር የሚጓዙ መርከቦች ናሙና ሲወስዱ ስለሚይዙት መዝገብ ነው። ካልጋሪ ተቀምጦ ስለ ባሕር ማውራት ምን የሚሉት ነው የሚል አድማጭ አይጠፋም፤ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ፣ ወደ ቫንኩቨር ወደብ ለመድረስ እንኳ ተራራ አቋርጦ ቀኑን ሙሉ መንዳት የሚጠይቅባት ናት። ይሁን እንጂ የካናዳ ፓርላማ በ1945 በሕግ ያቋቋመው የሰሜን አሜሪካ የአርክቲክ ኢንስቲትዩት ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መቀመጫው የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ነው። ኢንስቲትዩቱ ከ1948 ጀምሮ «አርክቲክ» የተባለ የምርምር መጽሔት ያሳትማል፤ በ1978 የተጀመረው የመረጃ ማውጫው ደግሞ ስለ ሰሜን ካናዳ የተጻፉ ጥናቶችን እየለቀመ ሲመዘግብ ኖሯል። እዚያው ሰፈር በአርክቲክ ካለው የቦፎርት ባሕር ወለል ሥር ተቆፍሮ የወጣ ድንጋይ በሣጥን ተደርድሮ ተቀምጧል፤ ወደ እሱ በኋላ እንመለሳለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

በኪሳችሁ የ50 ዶላር ኖት ካለ ጀርባውን ገልብጣችሁ እዩ። በበረዶ መካከል የምትታየው መርከብ አሙንድሰን ናት። የካናዳ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በረዶ ሰባሪ ስትሆን በ2003 ለምርምር ታድሳ ወደ ሰሜን መመላለስ ጀመረች። እንዲህ ያለች መርከብ አንድ የምርምር ጣቢያ ስትደርስ ሮዜት የሚባለው መሣሪያ በብረት ገመድ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ጣቢያ ስል ግንብ ወይም ምልክት ያለው ቦታ እንዳይመስላችሁ፤ በካርታ ላይ የተመረጠ ነጥብ ብቻ ነው። ሮዜቱ ክብ የብረት ማቀፊያ ሲሆን፣ ዙሪያውን እያንዳንዳቸው 12 ሊትር ያህል የሚይዙ 24 ጠርሙሶች ከላይም ከታችም ተከፍተው ቆመውበታል፤ ሙቀትን፣ ጨዋማነትንና ጥልቀትን የሚለካ መሣሪያም ተገጥሞለታል። ሲወርድ ልኬቱ ይነበባል፤ ሲወጣ በተመረጠው ጥልቀት ሁሉ ከመርከቡ ትእዛዝ እየተላከ ጠርሙሶቹ አንድ በአንድ ይዘጋሉ። ላይ ሲደርስ የውኃ ቀጂዎች ወረፋ ይጀመራል። ጠርሙሱ አንዴ ከተከፈተ አየር ስለሚገባበት፣ ኦክስጅንና ሌሎች ጋዞች የሚለኩበት ውኃ ቀድሞ ይቀዳል፤ ከዚያ ለካርቦን፣ ከዚያ ለንጥረ ምግቦች፣ የጨዋማነቱ ወደ መጨረሻ ላይ። ወረፋውን የሚያስከብር አንድ ሰው ቅጽ ይዞ አጠገባቸው ይቆማል። በቅጹ ላይ የጣቢያው ቁጥር፣ መሣሪያው ለስንተኛ ጊዜ እንደ ወረደ፣ የጠርሙሱ ቁጥር፣ ጥልቀቱ፣ የቀጂው ስም፣ ውኃው የገባበት ብልቃጥ ቁጥር ይሞላል። የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ ቀለም በውርጭ አልወጣም ይላል፣ ውኃ ሲነካውም ይፈሳል። ጣቱ የደነዘዘ ተማሪ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 6ን 8 አስመስሎ ቢጽፍ፣ የ600 ሜትሩ ውኃ የ800 ሜትር ሆኖ ሊቀር ይችላል።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። ለባሕር ምርምር ይህ አባባል የሚያደርሰው ግማሽ መንገድ ብቻ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ተጽፎ ከቀረ ወራሹ ምን እንደ ወረሰ አያውቅም። በዚህ ዝግጅት የምሟገተው ለአንድ ነገር ነው፦ ናሙናው የት፣ መቼ፣ በማን፣ በምን መሣሪያና በምን ሁኔታ እንደ ተወሰደ እዚያው የሚጻፈው ማስታወሻ የልኬቱ አካል ነው። ስለዚህ ጉዞው ሲታቀድ ጊዜና ሰው ሊመደብለት ይገባል። ለዋናው ሥራ የተመደበው ሰው ሲደክመው በትርፍ ሰዓቱ የሚያከናውነው የጽሕፈት ሥራ ተደርጎ መታየቱ ሳይንሱን ብዙ ዋጋ አስከፍሎታል።

ምን ያህል እንዳስከፈለው ለማየት ከባልዲ የተሻለ ምስክር የለም። መርከበኞች የባሕርን ሙቀት መለካት የጀመሩት ባልዲ በገመድ አውርደው፣ ውኃ ቀድተው፣ ቴርሞሜትር በመንከር ነበር። የሸራ ባልዲ ከባሕር እስኪወጣና እስኪለካ ድረስ ነፋስ ይመታዋል፤ ውኃው በትነት ይቀዘቅዛል፤ ንባቡም ከእውነተኛው ዝቅ ይላል። ኋላ ላይ ብዙ መርከቦች ለሞተራቸው ማቀዝቀዣ የሚስቡትን ውኃ በቧንቧው መግቢያ መለካት ጀመሩ። የሞተሩ ክፍል ሞቃት ስለሆነ ይኸኛው ንባብ ከፍ ወደ ማለት ያደላል። ሁለቱም ሰዎች በታማኝነት የጻፉት ቁጥር ነው፤ አንድ ላይ ሲደመሩ ግን ችግር ይፈጠራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከደረሱን መዝገቦች አብዛኞቹ በሞተር ክፍል ከለኩት የአሜሪካ መርከቦች የመጡ ናቸው። በነሐሴ 1945 ጦርነቱ ሲያበቃ በባልዲ የሚለኩት የብሪታንያ መርከቦች በብዛት ወደ መዝገቡ ተመለሱ። በዓለም የሙቀት መስመር ላይ በዚያ ዓመት 0.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ድንገተኛ ቁልቁለት ታየ። ቁልቁለቱ ከአለካክ ለውጥ የመጣ እንጂ ምድር በእርግጥ ስለ ቀዘቀዘች አለመሆኑን የሚያሳይ ጥናት «ኔቸር» በተባለው መጽሔት የወጣው በ2008 ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ አልፏል ማለት ነው። የዓለም ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን መባቻ ጀምሮ የጨመረው ከአንድ ዲግሪ ብዙም ያልዘለለ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፣ 0.3 ዲግሪ የትየለሌ ነው። ያን ጊዜ በእያንዳንዱ መስመር ጫፍ «በባልዲ» ወይም «በሞተር ክፍል» የሚል አንድ ቃል ሁልጊዜ ተጽፎ ቢሆን፣ ተመራማሪዎች ያንን ሁሉ ዘመን በግምት ባላሳለፉ ነበር።

ይህ የአንድ ዘመን ስንፍና ነው ብሎ ማለፍም አያዋጣም። የጃፓን መርከቦች በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የለኩት የባሕር ሙቀት በ1960ዎቹ ወደ መረጃ ካርድ ሲገለበጥ ከነጥብ በኋላ ያለው አሃዝ ተቆርጦ ቀረ፤ 18.7 የነበረው 18 ሆነ፤ ይህም መርከቦቹ የለኩትን ባሕር ከነበረው ይልቅ ቀዝቃዛ አስመሰለው። የተደረሰበት በ2019 ነው። ሌላም አለ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መርከቦች ሳይቆሙ የሚወረውሩት፣ ቀጭን ሽቦ እያስረዘመ ወደ ታች የሚወርድ የሙቀት መለኪያ ለብዙ ዓመታት የውቅያኖስ ሙቀት ዋና ምንጭ ነበር። መሣሪያው ጥልቀትን አይለካም። ከተወረወረበት ቅጽበት ያለፈው ጊዜ ተይዞ «በዚህ ፍጥነት ይወርዳል» በሚል ቀመር ጥልቀቱ ይሰላል። የውድቀቱ ፍጥነት ደግሞ እንደ ሞዴሉና እንደ አምራቹ ይለያያል። በ2007 የእነዚህ ልኬቶች አድልዎ ሲጋለጥ ማረም የሚቻለው የመሣሪያው ዓይነት ሲታወቅ ነበር፤ ከመዝገቡ ሰፊው ክፍል ላይ ግን ዓይነቱ አልተጻፈም። ጻፊው የሚያውቀው፣ በእጁ የያዘው፣ ሣጥኑ ላይ የታተመ ነገር ነበር። ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው ማንም አልጻፈውም።

በዋልታ ባሕር ላይ ችግሩ ይብሳል፤ «የት» እና «መቼ» ራሳቸው አስቸጋሪ ጥያቄዎች ይሆናሉ። በመስከረም 2019 ፖላርሽተርን የተባለችው የጀርመን በረዶ ሰባሪ ከኖርዌይዋ ትሮምሶ ተነሥታ በአርክቲክ በረዶ ውስጥ ሆን ብላ ታሰረች፤ ሞዛይክ በሚባለው በዚህ ጉዞ ከበረዶው ጋር ስትንሳፈፍ ከርማ በጥቅምት 2020 ብሬመርሃቨን ገባች። የ20 አገሮች ተመራማሪዎች እየተፈራረቁ ሠርተውባታል። የሠሩበት መሬት በረዶ ነው፤ በረዶው ይሄዳል። ዛሬ ጠዋት የቆፈራችሁት ጉድጓድ ማታ ላይ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ሌላ ኬክሮስና ኬንትሮስ ላይ ይገኛል፤ እናንተ ግን ንቅንቅ አላላችሁም። ስለዚህ ናሙናው በምድር ላይ የተወሰደበትን ነጥብ መጻፍ አይበቃም፤ በተንሳፋፊው በረዶ ላይ ከመርከቡ በየት አቅጣጫና በምን ያህል ርቀት እንደሆነም መታወቅ አለበት። እዚያ ጉዞ ላይ እያንዳንዱ ተግባር፣ መሣሪያ ማውረድም ይሁን በረዶ መቆፈር፣ በፒኤስ122 የሚጀምር የራሱን መለያ ቁጥር ያገኝ ነበር፤ ቁጥሩ የጉዞውን ምዕራፍና ሳምንት ይናገራል። ከዚያ ናሙና የተቆረጠ ሁሉ ያንን ቁጥር ይዞ ይሄዳል። ሰዓትን በተመለከተም፣ እኛ ሐበሾች ነገሩን ለመረዳት የምንቸገር አይመስለኝም። በሐምሌ ወር ካልጋሪ ላይ ከጠዋቱ 9 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ላይ ሰዓቱ 12 ነው፣ ያውም የምሽቱ። ዘመድ ደውሎ «በሁለት ሰዓት ደውይልኝ» ሲል የትኛው ሁለት እንደሆነ ያልጠየቀ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። መርከብ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ በሄደ ቁጥር የመርከበኞቹ ሰዓት ይገፋል፣ ይመለሳል። የምርምር መዝገብ በአንድ ዓለም አቀፍ ሰዓት ብቻ የሚጻፈው ለዚህ ነው። የእጅ ሰዓቱን አይቶ የሚሞላ አንድ ሰው የሙሉ ቀን ሥራ ያበላሻል።

የሀገራችን የኢትዮጵያም ትልቁ የሳይንስ ስም በእንዲህ ያለ መዝገብ ላይ የቆመ ነው። በኅዳር 1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ቅሪተ አካል ድንቅነሽ በመዝገብ ላይ ስሟ ኤ.ኤል. 288-1 ነው፤ 288ኛው የአፋር የግኝት ቦታ፣ አንደኛው ናሙና እንደ ማለት። ዕድሜዋ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው የተባለው ከአጥንቷ ተለክቶ አይደለም፤ ከተገኘችበት ደለል በላይና በታች ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው የተለካው። የት ንጣፍ ላይ እንደ ተገኘች በትክክል ባይመዘገብ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ያለችው አጥንት ውብ ትሆን ነበር፤ ዕድሜ ግን ባልኖራት ነበር። ስለ ባሕር ውኃም የምለው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ የሚቀርቡትን ተቃውሞዎች እንይ። አንደኛው «ዛሬ መሣሪያው ሁሉን ራሱ ይመዘግባል፤ ሳተላይቱ ቦታውን፣ ኮምፒውተሩ ሰዓቱን ይጽፋል፤ ሰው ለምን ይደክማል?» የሚል ነው። እውነትነት አለው። ዛሬ በትልልቆቹ መርከቦች ላይ ሠራተኛው ስክሪን ሲነካ ቦታው፣ ሰዓቱና የባሕሩ ጥልቀት ራሳቸው ይገባሉ፤ ስለዚህ የአጻጻፍ ስሕተት በጣም ቀንሷል። መሣሪያው ግን የሚያውቀው የራሱን ንባብ ነው። ሰባተኛው ጠርሙስ ክዳኑ ላይ ገመድ ተጠምዝዞበት ዘግይቶ መዘጋቱን አያውቅም፤ ከሮዜቱ ሲወርድ ከሥሩ ውኃ ማንጠባጠቡን አያይም። በ1990ዎቹ የተካሄደው የዓለም ውቅያኖስ ዑደት ምርምር ለዚህ ቀላል የቁጥር ምልክት አበጅቶ ነበር፤ 2 ደህና ጠርሙስ፣ 3 የሚያፈስ፣ 4 በአግባቡ ያልተዘጋ። እነዚህን ቁጥሮች የሚሰጠው የሰው ዓይን ነው። የመርከቡን ጭስ ነፋስ ገልብጦ በአየር ናሙናው ላይ ማምጣቱን፣ የበረዶው ቁራጭ ሲወጣ ለሁለት ተሰብሮ የላይኛው ጫፍ የቱ እንደሆነ ማጠራጠሩን፣ እነዚህንም የሚጽፍ ቆሞ የሚያይ ሰው ነው። ራስ-ሰር መዝገብ የሰውን እጅ ከተራ ቁጥር ነፃ አውጥቶ ወደዚህ ሥራ ቢያዞረው መልካም ነው፤ ሰውየውን ካስቀረው ግን ኪሳራ ነው።

ሁለተኛውና ጠንከር ያለው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። በረዶ ሰባሪ መርከብ በቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይበላል፤ የአርክቲክ የሥራ ወቅት አጭር ነው፤ አንድ ሰዓት ለቅጽ ከዋለ አንድ ሰዓት ከናሙና ይቀነሳል ይላሉ። ለዚህ መልስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለብንም፤ እዚሁ ከተማ በዩኒቨርሲቲው አጠገብ የአልበርታ የኢነርጂ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የድንጋይ ናሙና ማእከል አለ። ከነዳጅና ከጋዝ ጉድጓዶች የወጣ ድንጋይ ከአንድ ሚሊዮን በሚበልጡ ሣጥኖች ተቀምጦበታል። እያንዳንዱ ጉድጓድ 16 ሆሄና አሃዝ ያለው መለያ አለው፤ እያንዳንዱ ሣጥን ከየትኛው ጥልቀት እስከ የትኛው ጥልቀት እንደሆነ ተጽፎበታል። ከሰሜን ግዛቶችና ከቦፎርት ባሕር የመጣው ድንጋይ ደግሞ በዚያው አካባቢ በካናዳ ጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት የካልጋሪ ቅርንጫፍ ይጠበቃል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዶም ፔትሮሊየምን የመሰሉ የካልጋሪ ኩባንያዎች በቦፎርት ባሕር ሲቆፍሩ የአንድ ቀን ወጪያቸው ከየትኛውም የምርምር መርከብ የሚያንስ አልነበረም። ብርዱም ያው፣ የሥራ ወቅቱም ያው አጭር ነበር። ሆኖም ጥልቀቱ ያልተጻፈበት የድንጋይ ሣጥን እንላክ ቢሉ ሕጉ አይፈቅድላቸውም ነበር፤ ለራሳቸውም ዋጋ አይኖረውም ነበር። ነዳጅ ፈላጊ ጊዜ ያገኘለትን ነገር ሳይንስ ጊዜ የለኝም ማለቱ አያሳምነኝም። ሂሳቡም የተገላቢጦሽ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ተለፍቶበት የተቀዳ ውኃ መለያው ከጠፋ የመርከቡ ቀን ነው የጠፋው፤ ወደዚያው ቦታ ተመልሶ ሌላ ቢቀዳ እንኳ የዚያን ዓመት ባሕር ማንም መልሶ አያመጣውም።

«ይህን ሁሉ ማስታወሻ ወደፊት ማን ያነበዋል?» የሚሉም አሉ። የጃኔትን መርከብ ታሪክ ያስታውሱ እላቸዋለሁ። ጃኔት የአሜሪካ መርከብ ናት፤ በ1879 ከቤሪንግ የባሕር ወሽመጥ በስተ ሰሜን በረዶ ይዟት ሁለት ዓመት ገደማ ተንሳፈፈችና በሰኔ 1881 ሰጠመች። መርከበኞቹ በበረዶ ላይ ጀልባ እየጎተቱ ወደ ሳይቤሪያ ሲያቀኑ የመርከቧን የየዕለት መዝገብ ይዘው ሄዱ። ሊና ወንዝ ደልታ ላይ ሲደርሱ ቀበሩት። አዛዡ ዴሎንግና ከእርሱ ጋር የነበሩት አብዛኞቹ በረሃብና በብርድ አለቁ፤ ከተረፉት አንዱ የሆነው መሐንዲሱ ሜልቪል ተመልሶ መዝገቡን አወጣው። ዛሬ በዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል፤ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ በጎ ፈቃደኞች የድሮ መርከቦችን የአየር ንባብ ለአየር ንብረት ጥናት ሲገለብጡ የጃኔትም መዝገብ አብሮ ተነበበ። ያነቡት ዘንድ ያስቻላቸው የነፋሱ አቅጣጫ፣ የአየሩ ግፊት፣ ሰዓቱና ቦታው በየረድፉ ስለ ነበረ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የባለቤትነት ነው፤ ይህንን ቀለል አድርጌ አላየውም። ተመራማሪው «ዝርዝር መዝገቤ ወዲያው ለሁሉ ከተከፈተ ሌላው ቀድሞኝ ያሳትመዋል» ብሎ ይሰጋል። ለዚህ ሞዛይክ የተጠቀመበት መፍትሔ ተገቢ ይመስለኛል፦ መዝገቡ ወዲያውኑ በጋራ ማእከል ይገባል፣ ለተሳታፊዎቹ የተወሰነ ዘመን ቅድሚያ ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ፣ በእነርሱ ሁኔታ ከጥር 2023 ጀምሮ፣ ለሕዝብ ይከፈታል። መመዝገብና ማሳወቅ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ሊዘገይ ይችላል፣ የመጀመሪያው ግን ለነገ አይባልም። ከዚህ የከበደው የአርክቲክ ነባር ነዋሪ የሆነው የኢኑይት ሕዝብ ጥያቄ ነው። የካናዳ የኢኑይት ብሔራዊ ድርጅት በ2018 ባወጣው የምርምር ስትራቴጂ በምድራቸውና በባሕራቸው የሚሰበሰብ መረጃ ባለቤትነትና ቁጥጥር ላይ የእነርሱ ቃል እንዲኖር ጠይቋል። ዓሣና አቆስጣ የተባለው የባሕር እንስሳ የሚታደንበት ቦታ በዝርዝር ካርታ ላይ ሲወጣ ማን ይጠቀማል፣ ማንስ ይጎዳል የሚል ጥያቄ ከሳይንስ ፍላጎት በፊት ይመጣል። ይህ ጥሩ መዝገብ ለመያዝ ተጨማሪ ምክንያት ነው። ናሙናው በማን ፈቃድ፣ ከየትኛው ማኅበረሰብ ጋር ተመክሮ እንደ ተወሰደ ራሱ መጻፍ አለበት፤ ያልተጻፈ ፈቃድ ከሃያ ዓመት በኋላ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።

ስለዚህ በእኔ ግምት መስተካከል ያለበት የቅጹ ዓይነት ወይም የኮምፒውተሩ ስም ሳይሆን የአልጋ ድልድሉ ነው። በበረዶ ሰባሪ መርከብ ላይ አልጋ ውድ ነው፤ ጥቂት ደርዘን ተመራማሪ ብቻ ይሳፈራል፤ ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዘው መዝገብ ያዡ ነው። ለምርምር ገንዘብ የሚሰጡ አካላት የጉዞ ዕቅድ ሲገመግሙ «መዝገቡን የሚይዘው ማን ነው? የሚተኛውስ የት ነው?» ብለው ቢጠይቁና መልስ ያላገኙበትን ዕቅድ ቢመልሱ ነገሩ በአንድ ወቅት ይስተካከላል። ሥራው ስም የሌለው እንዳይሆንም በሚወጣው ጥናት ላይ የመዝገብ ያዡ ስም ከደራሲዎቹ ጋር ይግባ።

አድማጮቻችን፣ ልጆቻችሁ በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ፣ የምድር ሳይንስ ወይም የባዮሎጂ ተማሪዎች ከሆኑ፣ ወደ ሰሜን የሚሄድ የመስክ ሥራ ሲገኝ «መዝገብ ያዥ ያስፈልጋል» የሚለውን ማስታወቂያ አሳንሰው እንዳያልፉት ንገሯቸው።